የሌላውን ሰው ልብ ማወቅ፦ ኤዲት ሽታይን፣ ቅድስት ቴሬዛ ቤኔዲክታ ዘመስቀል

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኦገስት 9 ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 3 ቀን፣ የቅድስት ቴሬዛ ቤኔዲክታ ዘመስቀልን መታሰቢያ ታከብራለች። ይህች ቅድስት ከምንኵስናዋ በፊት ኤዲት ሽታይን ትባል ነበር። በየቁምስናው ስለ እርሷ ሲነገር የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከአይሁድ ወገን ተወልዳ ወደ ክርስትና መምጣቷ፣ ሁለተኛውም በአውሽቪትስ የሞት ሠፈር መገደሏ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ብዙ ዘመን፣ ይኸውም የፍልስፍና ሊቅነቷ፣ ወይ ፈጽሞ ይዘለላል፣ ወይም እንደ ከንቱ የወጣትነት ጉዞ ተቈጥሮ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኛ እንዲህ ማለፉን ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። በወጣትነቷ ያነሣችው አንድ ጥያቄ፣ ሰው የሌላውን ሰው ልብ እንዴት ያውቃል የሚለው፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ አብሯት ስለ ኖረ፣ ታሪኳን በዚያው ጥያቄ በኩል ለመተረክ መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ኤዲት ሽታይን ኦክቶበር 12 ቀን 1891 ዓ.ም. በብሬስላው ከተማ ተወለደች። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የጀርመን ግዛት ስትሆን፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ ተብላ ትጠራለች። የተወለደችበት ዕለት አይሁድ ዮም ኪፑር ብለው በጾምና በጸሎት የሚያከብሩት የማስተስረያ ቀን ነበር፤ በዚህም ምክንያት እናቷ ይህችን የመጨረሻ ልጃቸውን በልዩ ፍቅር ይመለከቷት ነበር። አባቷ የእንጨት ነጋዴ ነበሩ። ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በድንገት ስላረፉ፣ እናቷ ወይዘሮ አውጉስተ በዕዳ የተያዘውን ንግድ ተረክበው፣ እንጨቱን ራሳቸው እየመረጡና እየገዙ፣ በሕይወት የቀሩትን ሰባት ልጆች አሳደጉ። እኒህ ሴት የአባቶቻቸውን ሃይማኖት አጥብቀው የሚጠብቁ፣ ለድኾችም ቸር የሆኑ ነበሩ። ኤዲት ግን በዐሥራ አምስት ዓመቷ ገደማ መጸለይን አስባበትና ወስናበት ተወች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም እውነት ነው።

በ1911 ዓ.ም. በተወለደችበት ከተማ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቡናን፣ ታሪክንና የጀርመን ሥነ ጽሑፍን ማጥናት ጀመረች። የሥነ ልቡናው ትምህርት ግን አላረካትም። ይህ ትምህርት ገና ሕፃን ነው፤ የሚጠቀምባቸውም መሠረታዊ ቃላት በቅጡ አልተብራሩም ብላ አሰበች። በዚህ መካከል ኤድሙንድ ሁሰርል የተባሉት ፈላስፋ በ1900 እና በ1901 ዓ.ም. ያሳተሙት የሎጂክ ምርምሮች የተሰኘው መጽሐፍ እጇ ገባ። በ1913 ዓ.ም. እኒህን መምህር ፍለጋ ወደ ጎቲንገን ከተማ ሄደች። ፕሮፌሰሩ ከመጽሐፋቸው ምን ያህሉን እንዳነበበች ሲጠይቋት ሁለተኛውን ጥራዝ በሙሉ እንዳነበበች ስለ ነገረቻቸው እጅግ ተደነቁ። መጽሐፉን የሚያውቁ ሰዎች የመምህሩ መደነቅ አይገርማቸውም። ለአንድ የትምህርት ወቅት ብላ የሄደችው ተማሪ በዚያው ቀረች።

ሁሰርል የሚያስተምሩት የፍልስፍና መንገድ ፌኖሜኖሎጂ ይባላል። ስሙ ቢከብድም አሳቡን በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በመንገድ ስናልፍ አንድን ቤት ስናይ፣ በዐይናችን የሚገባው የፊት ግድግዳው ብቻ ነው፤ ሆኖም አንድ ግድግዳ አየን አንልም፤ ቤት አየን እንላለን። ጀርባው ሳይታየን ከፊቱ ጋር አብሮ ተሰጥቶናል፤ ዞረን ብንሄድም እናገኘዋለን። እንግዲህ ፌኖሜኖሎጂ ማለት ነገሮች ለኅሊናችን የሚገለጡበትን እንዲህ ያለውን ሁኔታ፣ ምንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ በትዕግሥት መርምሮ መግለጥ ነው። በጎቲንገን በሁሰርል ዙሪያ የተሰበሰቡት ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል ትጉሁ መምህር አዶልፍ ራይናኽና በኋላ የኤዲት የቅርብ ወዳጅ የሆነችው ሄድቪግ ኮንራድ ማርቲዩስ፣ ይህን መንገድ በየፊናቸው ይሠሩበት ነበር። በዚያም ማክስ ሼለር ይሰጣቸው የነበሩት ንግግሮች ካቶሊካዊ አስተሳሰብን ለመጀመሪያ ጊዜ ለኤዲት በአክብሮት እንዳስተዋወቋት በኋላ ራሷ ጽፋለች።

ሁሰርል ዓለምን የምናውቀው ከሌሎች ሰዎች ጋር በመሆን ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ነገር ግን ሌላውን ሰው ራሱን እንዴት እንደምናውቀው በዝርዝር አላብራሩም። ኤዲት የዶክተርነት ጽሑፏን በዚህ ጉዳይ ላይ ለማድረግ ወሰነች።

ሥራው ገና በእጇ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሷም በ1915 ዓ.ም. በቀይ መስቀል በኩል በፈቃደኝነት አስታማሚ ሆና፣ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት፣ ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ ወደሚገኝ የጦር ሆስፒታል ሄደች። የተመደበችው ተስቦ በያዛቸው ወታደሮች ክፍል ነበር። ሕሙማኑ ከብዙ ሕዝቦች የመጡ ስለ ነበሩ የአብዛኞቹን ቋንቋ አታውቅም። የሚጠይቁትን ከፊታቸውና ከእጃቸው ማንበብ ነበረባት። አንድ ሌሊት አንድ ወታደር ሞተ፤ ጥቂት ንብረቱን ስትሰበስብም ከማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ አንዲት ወረቀት አገኘች። ሚስቱ የሰጠችው፣ ሕይወቱ እንዲጠበቅለት የሚለምን ጸሎት የተጻፈባት ወረቀት ነበረች። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የሞተው አንድ በሽተኛ ነበር፤ ወረቀቷን ካነበበች በኋላ ግን የአንዲት ሴት ባል ሆነባት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ሁሰርል ወደ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ስለ ነበር፣ እርሷም በዚያ ኦገስት 3 ቀን 1916 ዓ.ም. ፈተናዋን በከፍተኛ ማዕረግ አልፋ ዶክተር ሆነች። ዕድሜዋ ገና ሃያ አራት ነበር። ጽሑፉ በ1917 ዓ.ም. በከፊል ታተመ። ርእሱ ጀርመኖች አይንፊውሉንግ ስለሚሉት ነገር ሲሆን፣ በአማርኛ የሌላውን ሰው ስሜትና ውስጣዊ ሕይወት ማስተዋል ልንለው እንችላለን።

ከጽሑፉ ዋና ምሳሌዎች አንዱ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ወዳጃችን መጥቶ ወንድሙ እንደ ሞተበት ይነግረናል፤ እኛም ሐዘኑን እናስተውላለን። ይህ ማስተዋል ምን ዐይነት ነው? በዐይን ከማየት ጋር አንድ ነው እንዳንል፣ የገረጣውን ፊቱን እንጂ ሐዘኑን እንደ ፊቱ አናየውም። ቤቱን ዞረን ጀርባውን እንደምናገኝ፣ በወዳጃችን ዙሪያ ብንዞር ሐዘኑን ራሱን በቀጥታ የምናገኝበት ጎን የለም። እንግዲያው በግምት የደረስንበት ነው እንበልን? ፊቴ እንዲህ ሲገረጣ አዝኜ ስለማውቅ እርሱም አዝኖ ይሆናል ብለን አስበን ነው እንበልን? ይህም አይሆንም። ሒሳብ እስክንሠራ ድረስ አንጠብቅም፤ ሐዘኑ ገና በመጀመሪያው ቃሉ ከፊታችን ይቆማል።

በእርሷ ዘመን ስመ ጥር የነበረው ቴዎዶር ሊፕስ ደግሞ ሌላ መልስ ሰጥቶ ነበር። በገመድ ላይ የሚሄደውን ትርኢተኛ ስናይ በውስጣችን ከእርሱ ጋር ፈጽመን አንድ እንሆናለን ይል ነበር። ኤዲት ይህንን አልተቀበለችም። ትርኢተኛው በገመዱ ላይ ነው፤ እኛ በወንበራችን ላይ ነን፤ እንቅስቃሴውን ከእርሱ ጋር ብንከተልም፣ የእርሱ መሆኑን ለአንድ አፍታ እንኳ አንረሳም። እንዲሁም አንድ ሕፃን ሌላው ሲያለቅስ አይቶ ቢያለቅስ፣ ስሜቱ ተላለፈበት እንጂ የሌላውን ልብ ዐወቀ አያሰኝም። እኛም ይህን ክፍል ስናነብ የለቅሶ ቤታችን ትዝ አለን። በለቅሶ ቤት ውስጥ አንዱ የራሱን ሙት አስታውሶ ያለቅሳል፤ ሌላው እንባ በማየቱ ብቻ እንባ ይመጣበታል፤ አንዳንዱ ግን ሐዘንተኛውን አይቶ፣ የእርሱን ሐዘን የእርሱ እንደ ሆነ ዐውቆ ከጎኑ ይቀመጣል። ኤዲት ሽታይን የመረመረችው ይህን ሦስተኛውን ነው።

መልሷ በአጭሩ እንዲህ ነው። የሌላውን ሰው ስሜት ማስተዋል ራሱን የቻለ የማወቅ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ሐዘኑ ከፊታችን ይገለጣል፤ ቀጥሎ ልናስተውለው ስንሞክር ወደ ውስጡ ይስበናል፤ ከወዳጃችን ጎን ቆመን ወዳሳዘነው ነገር እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ሐዘኑ ይበልጥ ተብራርቶ እንደገና ከፊታችን ይቆማል። በዚህ ሁሉ ሐዘኑ የእኛ አይሆንም። ይህም ሊሆን የሚችለው ሰው ነፍስ ያለባት ሕያው ሥጋ ስለ ሆነ ነው። በጠረጴዛ ላይ ያረፈ የሌላ ሰው እጅ ስናይ፣ እንደ አንድ መጽሐፍ በዚያ የተቀመጠ አይመስለንም፤ ጠረጴዛውን እንደሚጫንና ቅዝቃዜውን እንደሚሰማው አብረን እናያለን። ከዚህም አልፋ፣ ሌሎችን በማወቅ እኛን ራሳችንን እንደምናውቅ አስተማረች፤ ሌላው እኛን የሚያይበትን ዐይን ስናስተውል፣ ከውስጥ ያልታየን ነገር ይገለጥልናልና።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ በቀላሉ የማይታለፍ አንድ አሳብ አለ። አንድ ሰው ራሱ የማያምን ቢሆን እንኳ፣ ሌላው ስለ እምነቱ ሲል ያለውን ሁሉ ሲሰጥ ሊረዳው እንደሚችል ጽፋለች። ይህን ስትጽፍ ራሷ አታምንም ነበር። መጽሐፏንም የጨረሰችው ስለ ሃይማኖታዊ ኅሊና ጥያቄ አንሥታ፣ መልሱን ሳትሰጥ፣ ለወደፊት ምርምር ትታ ነው።

ከዶክተርነቷ በኋላ የሁሰርል ረዳት ሆነች። ይህ ማዕረግ ሲሰሙት ታላቅ ቢመስልም ሥራው የተሠወረ ነበር። መምህሩ ለዓመታት በአጭር ጽሕፈት የሞሏቸውን ወረቀቶች እያነበበች፣ እየገለበጠች፣ በምዕራፍ እያደራጀች ለኅትመት ታዘጋጅ ነበር። እርሳቸው ግን ያዘጋጀችውን መልሰው ለማየት ጊዜ አያገኙም፤ ሁልጊዜ አዲስ አሳብ ይይዛቸዋል። በ1917 ዓ.ም. ያደራጀችው ስለ ጊዜ ኅሊና የተሰጠው ትምህርት በ1928 ዓ.ም. ሲታተም፣ በአሳታሚነት የወጣው የማርቲን ሃይዴገር ስም ሲሆን፣ የእርሷ ድካም በመቅድሙ ውስጥ በጥቂት ቃላት ብቻ ተጠቀሰ። እርሷ በፌብሩዋሪ 1918 ዓ.ም. ሥራውን ለቅቃ ነበር፤ ሆኖም ለመምህሯ ያላት ፍቅርና አክብሮት ፈጽሞ አልቀነሰም።

በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከዶክተርነት በላይ ሃቢሊታትሲዮን የሚባል ሁለተኛ ታላቅ ጽሑፍና ፈቃድ ያስፈልጋል። ኤዲት በ1919 ዓ.ም. ጽሑፏን ይዛ ወደ ጎቲንገን አመለከተች። ሁሰርል የሰጧት የድጋፍ ደብዳቤ ሞቅ ያለ ቢሆንም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ለሴቶች የሚከፈት ከሆነ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረበት። ኮሚቴውም ጽሑፏን ሳይመረምር መለሰላት፤ ምክንያቱ ሴት መሆኗ ነበር። እርሷም ዝም አላለችም፤ ለፕሩስያ የትምህርት ሚኒስቴር አቤቱታ አቀረበች። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1920 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ሴትነት ለዚህ ማዕረግ እንቅፋት ሊሆን እንደማይገባ አስታወቀ። ለሌሎች ሴቶች በሩ በዚህ መልክ ተንኳኳ። ለእርሷ ግን በዚያም ዓመት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዳግመኛ በሞከረችበትም ጊዜ አልተከፈተም።

የኤዲትን ወደ እምነት መመለስ ብዙዎች የአንድ ሌሊት ነገር አድርገው ይተርኩታል። በ1921 ዓ.ም. በጋ በበርግሳበርን በወዳጇ በሄድቪግ ኮንራድ ማርቲዩስ ቤት ሳለች የአቪላዋን የቅድስት ቴሬዛን የሕይወት ታሪክ ማንበቧና በዚያም ውሳኔዋ መጽናቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን መንገዱ ከዚያ በፊት ረዥም ነበር። በ1916 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ካቴድራል አንዲት ሴት የገበያ ዘንቢሏን እንደ ያዘች ገብታ፣ ሰው በሌለበት ተንበርክካ ስትጸልይ አየች። በምኵራብም ሆነ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚገባው ለጋራ ጸሎት ብቻ ነበርና፣ ይህች ሴት ግን ከአንድ ወዳጅ ጋር ለመነጋገር የገባች ስለ መሰለቻት፣ ነገሩን ፈጽሞ አልረሳችውም። በኖቬምበር 1917 ዓ.ም. ደግሞ ራይናኽ በፍላንደርስ ጦር ሜዳ ወደቁ። ኤዲት የሟቹን ወረቀቶች ለማደራጀት ወደ ባለቤታቸው ስትሄድ፣ የተሰበረች ሴት አገኛለሁ ብላ ፈርታ ነበር። ያገኘቻት ግን በመስቀሉ እምነት የጸናች፣ ሌሎችን የምታጽናና መበለት ነበረች። የሌላውን ልብ ማወቅ ይቻላል ብላ መጽሐፍ የጻፈችው ሊቅ በዚህች ሴት ልብ ውስጥ ያየችውን ነገር መካድ አልቻለችም።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1922 ዓ.ም. በበርግሳበርን በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች። ወዳጇ ሄድቪግ ፕሮቴስታንት ብትሆንም በልዩ ፈቃድ የክርስትና እናት ሆነችላት። በፌብሩዋሪ 2 ቀንም በሽፓየር ምሥጢረ ሜሮንን ተቀበለች። ለእናቷ ሄዳ በነገረቻቸው ጊዜ እኒያ ብርቱ ሴት አለቀሱ። ኤዲትም ወደ ገዳም ለመግባት የነበራትን ምኞት፣ ለእናቷ ሁለተኛ ቍስል እንዳይሆን ስትል፣ ለዐሥራ አንድ ዓመታት አቈየችው።

ከ1923 እስከ 1931 ዓ.ም. በሽፓየር በዶሚኒካውያን ደናግል ትምህርት ቤት የጀርመንኛና የታሪክ መምህርት ሆና ሠራች። በመጀመሪያ፣ ለእግዚአብሔር መኖር ማለት ምርምርን ሁሉ መተው ነው ብላ አስባ ነበር። የቅዱስ ቶማስን መጻሕፍት ስትተረጕም ግን ዕውቀትን መፈለግም ራሱ እግዚአብሔርን ማገልገል ሊሆን እንደሚችል ተረዳች። ስለ እውነት የተጻፈውን የቅዱስ ቶማስን ታላቅ ሥራ ወደ ጀርመንኛ መልሳ በ1931 እና በ1932 ዓ.ም. በሁለት ጥራዝ አሳተመችው። ስለ ሴቶች ትምህርትና ጥሪም በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ከተሞች እየተጠራች ትናገር ነበር። በ1932 ዓ.ም. በሙንስተር ከተማ በሚገኘው የካቶሊካውያን የሥነ ትምህርት ተቋም መምህርት ሆነች፤ በመጨረሻ የአካዳሚ ወንበር ያገኘች መሰለ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ግን ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፤ አይሁድም ከየመምህርነት ሥራው ይወገዱ ጀመር። የመጀመሪያው በር በሴትነቷ ተዘጋ፤ ይህኛው ደግሞ በዘሯ።

በዚያው በአፕሪል 1933 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ነገር አደረገች። በአይሁድ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ ገልጻ፣ ቤተ ክርስቲያንም በዝምታ እንዳታልፈው የሚማጸን ደብዳቤ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጻፈች። ደብዳቤው በቦይሮን አበ ምኔት በኩል መድረሱ ተረጋግጧል። የጠየቀችው ግልጽ ቃል ግን በዚያን ጊዜ አልተሰማም። ይህ ደብዳቤ ከቫቲካን መዛግብት ወጥቶ ለሕዝብ የታየው በ2003 ዓ.ም. ነው። ይህን መጻፍ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ታሪኳን የሚያስተምር ሰው ሊዘልለው አይገባም እንላለን።

በኦክቶበር 1933 ዓ.ም. እናቷን ለመሰናበት ወደ ብሬስላው ሄደች። የልደት ቀኗ በዚያ ዓመት ከዳስ በዓል መጨረሻ ጋር ገጠመ። ከእናቷ ጋር ወደ ምኵራብ ሄደው ጸሎቱን አብረው ሰሙ፤ ረዥሙንም መንገድ ሽማግሌይቱ በእግራቸው መመለስ ፈለጉ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 14 ቀን፣ በኮሎኝ ከተማ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ገባች። በ1934 ዓ.ም. ልብሰ ምንኵስና ለብሳ ቴሬዛ ቤኔዲክታ ዘመስቀል ተባለች። ወይዘሮ አውጉስተ በላቲን ሥርዓት የመስቀል በዓል በሚከበርበት በሴፕቴምበር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. በአባቶቻቸው እምነት ጸንተው ዐረፉ።

አለቆቿ ምርምሯን እንድትቀጥል ስላዘዟት በገዳሙ ውስጥ ፍጹምነት የሌለውና ዘላለማዊ ህልውና የተሰኘውን ታላቁን መጽሐፏን በ1936 ዓ.ም. ፈጸመች። በዚህ ሥራ የሁሰርልን መንገድና የቅዱስ ቶማስን ትምህርት ለማገናኘት ደከመች። ከአይሁድ የተወለደ ሰው በጀርመን መጽሐፍ ማሳተም ስለማይችል ሥራው በሕይወቷ ሳለች አልታተመም። ኤፕሪል 21 ቀን 1938 ዓ.ም. ዘላለማዊ መሐላዋን ፈጸመች፤ ከስድስት ቀን በኋላ መምህሯ ሁሰርል በፍራይቡርግ ዐረፉ። እርሳቸውም በትውልዳቸው አይሁዳዊ ስለ ነበሩ ከዩኒቨርሲቲው ተገልለው ነበር። በኖቬምበር የጀርመን ምኵራቦች ከተቃጠሉ በኋላ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት፣ ሆላንድ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ኤኽት ገዳም ተዛወረች። ክርስትናን የተቀበለችው እኅቷ ሮዛም ተከተለቻት።

በ1942 ዓ.ም. የቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀልን 400ኛ የልደት ዓመት ምክንያት በማድረግ ስለ መስቀል ዕውቀት የሚናገረውን የመጨረሻ መጽሐፏን ትጽፍ ነበር። ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛለች፤ አይሁድም ወደ ምሥራቅ ይጋዛሉ። የኡትሬኽት ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ዴ ዮንግና ሌሎቹ ጳጳሳት ይህን ግፍ የሚቃወም ሐዋርያዊ ደብዳቤ ጽፈው፣ ጁላይ 26 ቀን በካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እንዲነበብ አደረጉ። የወራሪዎቹ ባለሥልጣናት ዝም ካላችሁ የተጠመቁትን አይሁድ እንተዋቸዋለን ብለው እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ ግን ካቶሊካውያን የሆኑት አይሁድ እንዲያዙ ታዘዘ። ቴሬዛ ቤኔዲክታና ሮዛ ኦገስት 2 ቀን ከገዳሙ ተወሰዱ።

የሚቀጥለውን የምናውቀው በቬስተርቦርክ ማጎሪያ ሠፈር አይተዋት ከተረፉ ሰዎች ነው። በዚያ ሠፈር ብዙ እናቶች ከድንጋጤ የተነሣ አእምሯቸውን የሳቱ ያህል ሆነው፣ ልጆቻቸውን ረስተው ተቀምጠው ነበር። ቴሬዛ ቤኔዲክታ ሕፃናቱን ሰብስባ አጠበቻቸው፤ ጠጕራቸውን አበጠረችላቸው፤ ምግብም እንዲያገኙ አደረገች። ራሷም ወዴት እንደምትወሰድ ታውቅ ነበር፤ ሆኖም ተረጋግታ ነበር ይላሉ። ለእነዚያ እናቶች ማንም ያላደረገውን ያደረገችው፣ ሐዘናቸው የራሷ ስለ ሆነ ነው ለማለት አንደፍርም። የራሷ ሐዘን ከበቂ በላይ ነበራት። ይልቁን በ1916 ዓ.ም. እንዳስተማረችው፣ የእነርሱን ሐዘን የእነርሱ እንደ ሆነ አየችው እንላለን። ኦገስት 7 ቀን ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ተነሣ፤ ኦገስት 9 ቀን 1942 ዓ.ም. በአውሽቪትስ ቢርከናው በመርዝ ጋዝ እንደ ተገደለች ተመዝግቧል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሜይ 1 ቀን 1987 ዓ.ም. በኮሎኝ ብፅዕናዋን፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1998 ዓ.ም. በሮም ቅድስናዋን አወጁ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከቅድስት ብሪጊታና ከሲየናዋ ቅድስት ካታሪና ጋር የአውሮፓ ጠባቂ አደረጓት። ሰማዕት መባሏ ብዙ አይሁድን አሳዝኗል፤ የተገደለችው በእምነቷ ምክንያት ሳይሆን አይሁዳዊት ስለ ሆነች ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ መታሰሯ ለጳጳሳቱ ደብዳቤ የተሰጠ የበቀል መልስ መሆኑን ታመለክታለች። ለእኛ የአይሁድ ወገኖቿ ቅሬታ ሊሰማ የሚገባው ነው፤ እርሷ ራሷ ከሕዝቧ ተለይታ ለመታየት ፈልጋ አታውቅምና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ቅድስናዋን ባወጁበት ዕለት፣ የእርሷ መታሰቢያ በሚከበርበት ቀን ሁሉ የአይሁድ ሕዝብ እልቂት አብሮ እንዲታሰብ አሳስበዋል።

ወረቀቶቿ የደረሱልን በብዙ ችግር ነው። የኤኽት መነኰሳይያት በጦርነቱ መጨረሻ ሲሰደዱ ጽሑፎቿን ይዘው ሄርከንቦሽ በሚባል ስፍራ ወዳለ ገዳም ሄደው ነበር፤ ገዳሙም በጦርነቱ ፈረሰ። በ1945 ዓ.ም. ወረቀቶቹ ከፍርስራሹ ውስጥ ሲለቀሙ፣ ከለቃሚዎቹ አንዱ ቤልጂጋዊው ፍራንቸስካዊ አባ ሄርማን ቫን ብሬዳ ነበሩ። በ1938 ዓ.ም. ወደ 40,000 የሚደርሱትን የሁሰርልን የአጭር ጽሕፈት ገጾች ከናዚ ጀርመን አውጥተው ወደ ሉቨን ያሻገሩትም እኒሁ ካህን ናቸው። ታላቁ መጽሐፏና ስለ መስቀል ዕውቀት የጻፈችው በ1950 ዓ.ም. ታተሙ። የዶክተርነት ጽሑፏ በ1964 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ተርጓሚዋ የወንድሟ የልጅ ልጅ የሆነችው ቫልትራውት ሽታይን ነበረች፤ ዛሬ ስለ ሰው ኅሊና የሚመራመሩ፣ እምነት ያላቸውም የሌላቸውም ሊቃውንት ያነቡታል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራዎቿ ሁሉ ከሃያ በሚበልጡ ጥራዞች ተሰብስበው በጀርመንኛ ወጥተዋል። የዚያ የመጀመሪያው ጽሑፏ መግቢያ ክፍል፣ ስለ ጥያቄው ታሪክ የጻፈችበት፣ በ1917 ዓ.ም. ሳይታተም የቀረው፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም።